ክረምትን ከልጅ ልጆች ጋር፦ ያገለገለ ዕቃ መግዛት፣ ስንቅ መሥራትና ታሪካዊ ቦታ መጎብኘት

ሰኔ ሲገባደድ ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ በማግስቱ ሦስቱም የልጅ ልጆቼ እኔ ዘንድ ናቸው። ትልቁ 12፣ መካከለኛዋ 9፣ ትንሹ 5 ዓመታቸው ነው። ወላጆቻቸው ማለዳ ወጥተው ማታ ስለሚመለሱ ሐምሌና ነሐሴን ሙሉ፣ ጳጉሜንም ጨምሮ ልጆቹ የእኔ ናቸው። ገቢዬ ጡረታ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ አያባራም። አዲስ አበባ ያላችሁ አያቶች ይህን ለናንተ ማስረዳት የለብኝም። ልጆቹን ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጦ ክረምቱን ማሳለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ልቤ አልቀበል አለኝ።

ስድስት ክረምት እየሞከርኩ የደረስኩበት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ሆድ፣ ከዚያ ዓይን። በሐምሌ መጀመሪያ ዝናብና ጭቃ የሚችል ጫማና ልብስ ካገለገለ ዕቃ ላይ እገዛለሁ። ስንቁን ቤት እሠራለሁ። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን የታሪክ ቦታ እንሄዳለን። ይህን ቅደም ተከተል ሳላውቅ በጀመርኩበት ዓመት ልጆቹን በቀጥታ እንጦጦ ይዣቸው ወጣሁ። ለትልቁ ልጅ ከአንድ ሱቅ በችኮላ የገዛሁት ያገለገለ ጫማ ላዩ አዲስ ይመስል ነበር፤ ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሁለቱም እግር ሶል ተላቀቀ። ልጁ ጫማውን በነጠላዬ ዘርፍ አስሮ ነው ቤት የገባው። ከዚያ ወዲህ ጫማ ሳይሟላ ጉዞ የለም።

ሰኔ መጨረሻ፦ መለካትና ቤትን መፈተሽ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ልጆቹን ለኩ። እያንዳንዱን ልጅ ካርቶን ላይ አቁሙና የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእርሳስ አስምሩ፤ ከትልቁ እግር ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ጨምራችሁ ቁረጡት። ያንን ካርቶን ይዞ ገበያ መሄድ ልጁን ይዞ ከመሄድ ይሻላል። ካርቶኑ ጫማው ውስጥ ሳይታጠፍ ከተኛ ጫማው ልክ ነው። የጫማ ቁጥር ላይ አትተማመኑ፤ ቁጥሩ የሚሠራው እንደ ፋብሪካው ነው፣ ባገለገለ ጫማ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተፍቆ ጠፍቷል።

ቁመታቸውን በሲባጎ ለኩና የእያንዳንዱን ሲባጎ ቆርጣችሁ ስሙን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ለልብስ ይጠቅማል፤ በኋላም ሙዚየም ውስጥ ሌላ ሥራ ይሠራል።

ቀጥሎ ቤቱን ፈትሹ። ያምናው ቦቲ ከታላቁ ወደ ታናሹ ይወርዳል። ጎረቤት ንገሩ፤ «የ9 ዓመት ልጅ የዝናብ ልብስ እፈልጋለሁ» ብሎ ቡና ላይ መናገር ግማሹን ገበያ ይጨርሳል። ልጅ ያደገበት ቤት ሁሉ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ ነገር አለው፤ ሰው ካልጠየቀው ግን አያስታውሰውም። በለውጡ የራሳችሁን ስጡ። የማይጠቅም የላስቲክ ጫማ፣ የተቀደደ ልብስ፣ የተሰባበረ ባልዲ ካለ ልዋጭ የሚለው ልጅ ሲያልፍ አውጡለት፤ ሳፋ ወይም ማንቆርቆሪያ ይሰጣችኋል። ልዋጭ ገንዘብ ስላልወጣበት ብቻ ርካሽ አይደለም፤ ለስድስት ጫማ አንዲት ስስ ሳፋ ከሰጣችሁ አትቀበሉ፣ ሳፋዋን ወደ ብርሃን ይዛችሁ ቀዳዳ እንደሌላት እዩ።

ሌላው የሰኔ ሥራ ደብተር ነው። ያለፈው ዓመት ደብተሮች ውስጥ ሁልጊዜ ያልተጻፈባቸው ገጾች አሉ። ልጆቹ ንጹሑን ገጽ ለይተው ያውጡ፤ አመሳስላችሁ ደርድሩና መሐሉን በወፍራም መርፌና በጠንካራ ክር ስፉት፣ የካርቶን ሽፋን አድርጉለት። ይህ የጉዞ ደብተራቸው ነው።

ሐምሌ የመጀመሪያው ሳምንት፦ ገበያ

ለልብስና ለጫማ በየሰፈሩ ሳልቫጅ የሚሸጡትን አያለሁ፤ ለዕቃ ግን መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው የምሄደው። ምናለሽ ተራ ያገለገለ ብረት፣ ጠርሙስ፣ ድስት፣ መሣሪያ ሁሉ ተጠግኖ፣ ተቀጥቅጦ፣ መልኩን ቀይሮ ዳግም የሚሸጥበት ነው። ቅዳሜ አትሂዱ፤ ግፊያው ለአዛውንት አይሆንም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት፣ ነጋዴው ገና ሳይከፍት መድረስ ጥሩ ነው። የዕለቱን የመጀመሪያ ገበያ መመለስ ገድ የለውም ብለው የሚያምኑ ብዙ ስለሆኑ መክፈቻ የሆነ ገዢ ዋጋ ይቀነስለታል። ገንዘቡን በሦስት ቦታ ክፈሉት፤ የቀኑ ወጪ ኪስ፣ ትልቁ ብር መቀነት ውስጥ፣ የመመለሻው ደግሞ ለብቻው።

ሦስቱንም ልጆች አንድ ላይ መርካቶ አልወስድም። በተራ አንዱን ብቻ፣ እጄን ይዞ። ተራው የደረሰው ልጅ ያን ቀን ትልቅ ሰው ነው፦ ዕቃውን እሱ ይፈትሻል፣ እኔ እከራከራለሁ። መንገድ ላይ የምነግረው አንድ ነገር አለ። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ድሮ እዚህ አልነበረም፤ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከተማውን በያዘ ጊዜ ነው ያገሬውን ሰው ገበያ ከመሐል ከተማ አውጥቶ ወደዚህ ያዛወረው፤ መርካቶ የሚለው ስምም የእነሱ ቋንቋ ነው። ልጁ ይህን ካወቀ በኋላ ጊዮርጊስ ስንሄድ ዙሪያውን «ገበያው የት ጋ ነበር?» እያለ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ፍተሻው። ጫማ ላይ የማደርገው ይህ ነው። ጫማውን ሁለት እጅ ይዤ ፊቱን ወደ ተረከዙ አጥፈዋለሁ። ሶሉ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ከታየ፣ ወይም ጠርዙ ላይ ሙጫው ሲላቀቅ ድምፅ ከሰማሁ አስቀምጠዋለሁ። ሳይለበስ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ጫማ ላዩ ያምራል፤ ሶሉና ሙጫው ግን በራሱ ጊዜ ይደርቃል፣ ይፈረካከሳል። የእኔ የእንጦጦው ጫማ ችግሩ ይህ ነበር። ቀጥሎ ጫማውን ጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጣችሁ ከኋላ እዩት፤ ተረከዙ ወደ አንድ ወገን ከተበላ የቀድሞው ባለቤት አረማመድ ለልጃችሁ እግር ይተርፋል። እጃችሁን ውስጥ አስገብታችሁ እስከ ጣት ድረስ ዳስሱ፤ ሚስማር፣ የታጠፈ ገበር፣ እርጥበት ካለ ይገኛል። ቦቲ ከሆነ ሻጩን ውኃ ጠይቃችሁ ሞልታችሁ ሁለት ደቂቃ አቁሙት። የሚከፋው ሻጭ ካለ ቦቲው እንደሚያፈስ ያውቃል ማለት ነው።

ጃኬትና ካፖርት ሲሆን ፊቱን ሳይሆን ውስጡን ገልብጡ። ብብት፣ ክርን፣ አንገትና የኪስ አፍ ላይ ጨርቁ ሳስቶ እንደሆነ ወደ ብርሃን ያዙት። ዚፑን ሦስት ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። አሽትቱ፤ የሻጋታ ሽታ በክረምት ቶሎ አይወጣም። የጎደለ ቁልፍ ምንም አይደለም፤ የተላቀቀ ስፌትም ምንም አይደለም፤ የሳሳ ጨርቅ ግን መፍትሔ የለውም።

ሁልጊዜ የምፈልገው ዕቃ ፔርሙስ ነው። ሻይ ይዞ መውጣት የክረምት ጉዞ ግማሹ ነው። ያገለገለ ፔርሙስ ለመፈተን አጠገብ ካለ ሻይ ቤት የፈላ ውኃ አስሞሉ፣ ክደኑና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። የውጭው አካል ከሞቀ የውስጡ መስተዋት አየር አስገብቷል፤ ተዉት። ቀዝቃዛ ከሆነ ግዙት፤ መልኩ ቢጫጫርም ደንታ አይስጣችሁ።

ጨርሶ ያገለገለ የማልገዛቸው አሉ። ምን እንደያዘ የማላውቀው ጀሪካን አንደኛው ነው፤ ኬሚካል የተቀመጠበት ፕላስቲክ አሥር ጊዜ ቢታጠብም የሚበላና የሚጠጣ አይቀመጥበትም። የውስጥ ልብስ፣ የሕፃን ጡጦ፣ ፍራሽ (ትኋን ቤት ከገባ መውጫው ከባድ ነው)፣ ገመዱ በፕላስተር የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ጎማው የደረቀ ፕሬዠር ኩከር እንዲሁ። እነዚህን እንኳን በርካሽ፣ በነፃም አልቀበልም።

ክርክሩ ላይ ደግሞ ትሕትና ይሠራል። ዋጋው ሲነገረኝ አልጮኽም፣ ዕቃውንም አላንቋሽሽም።

«እናቴ፣ ለእርስዎ ስል 600 ብር ይውሰዱት» ይላል ጃኬት ሻጩ።

«ልጄ፣ ዚፑ ይቀየራል። መቀየሪያው 150 ብር ነው። 350 ልስጥህ።»

«አያዋጣኝም፣ እናቴ።»

«እንግዲያው ገበያህን ይባርክልህ» ብዬ እነሣለሁ። ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ከጠራኝ መሐል ላይ እንገናኛለን፤ ካልጠራኝ ዋጋው የምሩን ነበር፣ ተመልሼ ብገዛም አላፍርም። ሲስማማ «ምርቃት የለውም?» እላለሁ፤ ካልሲ ወይም የጫማ ማሰሪያ ይጨምርልኛል፣ እኔም ከልቤ መርቄው እሄዳለሁ። የምጠቀምበት ልኬት ይህ ነው፦ የዕቃው ዋጋ፣ የልብስ ሰፊውና የትራንስፖርቱ ሲደመር ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ አልገዛም።

መጽሐፍም አትርሱ። ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡት በለገሃርና በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ በአራት ኪሎም ነበር። የመንገድ ሥራው ብዙዎቹን ስላዘዋወረ የደረሱበትን እዚያው አካባቢ ጠይቁ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የተረት ወይም የታሪክ መጽሐፍ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ገጹ ሙሉ መሆኑን ልጁ ራሱ ይቁጠር።

እጥበትና ጥገና

ከገበያ የመጣ ልብስ በቀጥታ ቁም ሣጥን አይገባም። በላስቲክ እንደታሰረ ደጅ ወይም መታጠቢያ ቤት ይቆያል። ጥጥ የሆነውን በጣም በሞቀ ውኃና በሳሙና ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉ፣ እጠቡ፣ ሲደርቅ ስፌቱን ስፌቱን ተከትላችሁ በጋለ ካውያ ተኩሱ። የቅማል እንቁላል የሚደበቀው ስፌት ላይ ነው። ሙቅ ውኃ የማይችል ሹራብ ካለ በላስቲክ ከረጢት አጥብቃችሁ አስራችሁ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት፣ ከዚያ በለብታ ውኃ እጠቡት። ጫማውን በሳሙና ውኃ ወልውላችሁ ውስጡን ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፤ ጋዜጣውን ጠዋትና ማታ ቀይሩ።

በክረምት ልብስ ማድረቅ ከባድ ነው። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ ከሰል አቀጣጥላችሁ በዝግ ክፍል ውስጥ ልብስ አታድርቁ፣ ልጆችም አታሙቁ። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ማስጣት፣ ማታ ደግሞ ነፋስ በሚያገኝ በረንዳ ላይ ማንጠልጠል ይበቃል፤ ለዚህም ነው ገበያውን በሐምሌ መጀመሪያ ጨርሱ የምለው። ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል።

እጅጌ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ ወገብ ማስጠበብ ለልብስ ሰፊ ስጡ። ለሚያድግ ልጅ «አትቁረጠው፣ ወደ ውስጥ አጥፈው» በሉ፤ በሚመጣው ዓመት ይፈታል። ቁልፍ መትከሉን ግን ልጆቹ ይልመዱ። የ9 ዓመቷ ልጄ አንድ ካፖርት ስትፈታ ብብቱ ላይ በጣም ደቃቅ በእጅ የተሰፋ ጥገና አገኘች። «ይህን የሰፋው ማን ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ማንም አያውቅም። ከዚያ ጀምሮ ሙዚየም ውስጥ ያለ ልብስ ሁሉ ፊት ቆማ መጀመሪያ የምትፈልገው ስፌቱን ነው። ማየት የምታውቅ ልጅ ሆነች፤ ይህ ለእኔ ከጃኬቱ ይበልጣል።

ስንቅ

ውጭ መብላት የአራት ሰው ወጪ ነው፤ ስንቅ ከያዝን ያ ገንዘብ መግቢያና ታክሲ ይሆናል። ነሐሴ ሲገባ ጾመ ፍልሰታ አለ፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15። ልጆችም የሚጾሙት ጾም ስለሆነ ስንቁ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ይሁን። እኔ ከሐምሌ ጀምሮ የጾም ስንቅ ነው የምሠራው፤ አብረውን የሚሄዱ የእስላም ጎረቤቶቻችን ልጆችም ያለ ሐሳብ ይበሉታል።

ዋናው ዳቦ ቆሎ ነው፤ አይጎሳቆልም፣ ጥሩ ክዳን ባለው ዕቃ ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ ልጆች ይሠሩታል። ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት አንድ የውኃ ብርጭቆ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ ብርጭቆ ስኳር፣ ከወደዳችሁ ትንሽ በርበሬ። ዱቄቱን ከጨው፣ ከስኳርና ከበርበሬው ጋር ቀላቅሉ፤ ዘይቱን ጨምራችሁ እንደ እርጥብ አሸዋ እስኪሆን በእጅ እሹት። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ፤ አንድ ብርጭቆ ተኩል ገደማ ይፈጃል። ሊጡ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ከለሰለሰ ሲቆላ ይያያዛል። አሥር ደቂቃ እሹትና ጨርቅ አልብሳችሁ ሃያ ደቂቃ ይረፍ። ልጆቹ እንደ እርሳስ ቀጭን አድርገው ያድቦልቡሉት፤ ትልቁ ልጅ በንጹሕ መቀስ የሽምብራ ፍሬ አሳክሎ ይቁረጠው። ምጣዱ ወይም መጥበሻው ላይ ያለ ዘይት በመጠነኛ እሳት፣ እያማሰላችሁ፣ ቡናማ እስኪሆን ቁሉት። ሲበርድ ነው የሚጠነክረው፤ ስለዚህ ሳይበርድ ቀምሳችሁ «አልበሰለም» አትበሉ። እሳቱ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ፣ ልጆቹ ሊጡ ላይ ብቻ።

ሁለተኛው በሶ ነው፤ በጨውና በውኃ ተለውሶ ጭብጦ ሆኖ። ሦስተኛው ንፍሮ፣ እሱ ግን በዕለቱ ማለቅ አለበት። መጠጡ በፔርሙስ ሻይ።

በየጉዞው አንድ የውጭ ነገር እፈቅዳለሁ፣ አንድ ብቻ፣ እነሱ ተስማምተው የሚመርጡት። ብዙ ጊዜ የሚመርጡት መንገድ ዳር ከሰል ላይ የተጠበሰ በቆሎ ነው። በነሐሴ ብርድ ትኩስ በቆሎ በቅጠሉ ይዞ መብላትን የሚተካ ኬክ አላየሁም።

ጉዞው

ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጥተን ከሰባት ሰዓት በፊት እንመለሳለን። በሳምንት አንድ ቦታ፤ ሁለት ሙዚየም በአንድ ቀን ለ5 ዓመት ልጅ ቅጣት ነው። የመግቢያ ዋጋና የመክፈቻ ሰዓት ስለሚለዋወጥ በዋዜማው ደውላችሁ ጠይቁ። የነዋሪነት መታወቂያችሁን ያዙ። ለእያንዳንዱ ልጅ ትርፍ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ከነገርኳችሁ ሁሉ ይህቺ ናት ብዙ ልቅሶ ያስቀረችልኝ።

መጀመሪያ የምወስዳቸው አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ሲባጎዎቹን ይዘን እንሄዳለን። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሐዳር የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ናት፤ ከአፅሟ 40 በመቶ ገደማው ተገኝቷል። ይህን ቁጥር ለልጅ ብትነግሩት በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። ቁመቷ ግን 1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ትንሹ ልጄ የራሱን ሲባጎ ዘርግቶ ከእሷ ጋር ሲያስተያይ «እኔን ታክላለች! ግን ትልቅ ሰው ናት?» አለ። አዎ፣ ትልቅ ሰው ነበረች። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት አልተንቀሳቀሰም። ለዕይታ የቆመው ቅጂ እንደሆነ፣ ዋናው አፅም ተጠብቆ እንደሚቀመጥ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ኋላ ሲያውቁ የተታለሉ ይመስላቸዋል። ሰላም ስለተባለችውም ንገሯቸው፦ በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘች፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች፣ ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን። ልጆች ስለ ልጅ ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆማል።

ሁለተኛው ሳምንት ስድስት ኪሎ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው ሙዚየም። ቤቱ ራሱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት። ፊት ለፊቱ ብቻውን የቆመ፣ የትም የማያደርስ ጠምዛዛ ደረጃ አለ። ልጆቹ ደረጃውን ይቁጠሩ፣ ደብተራቸው ላይ ይጻፉ። ከዚያ ንገሯቸው፦ ጣሊያኖች የሠሩት ሙሶሎኒ ሥልጣን ከያዘበት ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ደረጃ እየቆጠሩ ነው፤ ነፃነት ሲመለስ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ለ12 ዓመቱ ልጅ ይህ አንድ ደረጃ ከመጽሐፍ ምዕራፍ ይበልጥ አስተምሮታል። ውስጡ ኤግዚቢሽኑ የሰውን ዕድሜ ተከትሎ፣ ከልጅነት ጀምሮ እስከ ሞት የተደረደረ ነው፤ የልጅነቱ ክፍል ላይ ቆዩ። የጃንሆይና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍሎችም አሉ።

ስትወጡ አደባባዩ ላይ ያለው ሐውልት የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሰማዕታት ነው። ለትንሹ «ክፉ ሰዎች ብዙ ሰው የገደሉበት ቀን መታሰቢያ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ለትልቁ ግን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አሁን በወጣንበት ግቢ ውስጥ እንደሆነ፣ ከዚያ ለሦስት ቀን በከተማው የደረሰውን፣ ከአያቴ የሰማሁትን ጨምሬ እነግረዋለሁ። እናንተም የሰማችሁት ካለ ንገሩ። ይህ ነገር ከእኛ አፍ ካልወጣ ከማን ይወጣል?

ሦስተኛው አራዳ ጊዮርጊስ። ስምንት ማዕዘን ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ልጆቹ ዞረው ማዕዘኑን ይቁጠሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድሉ የተገኘው በጊዮርጊስ ዕለት እንደነበር፣ ታቦቱም አድዋ ዘምቶ እንደነበር ንገሯቸው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ጃንሆይ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የነገሡት እዚህ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎችም አሉ። ጫማ ስለሚወለቅ ቀዳዳ የሌለው ካልሲ ይደረግ። አጠገቡ የምኒልክ ሐውልት አለ፤ ጣሊያን ነቅሎት፣ ከነፃነት በኋላ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። ከዚያ አልፎ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የአድዋ ድል መታሰቢያ ነው። እሱን ለሌላ ሳምንት አቆዩት፤ ትልቅ ስለሆነ እግር ያደክማል።

እንጦጦን በመጨረሻ አደርገዋለሁ፣ ጫማው በእግራቸው ከተላመደ በኋላ። እስከ ሽሮ ሜዳ በታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዛችሁ እስከ ላይ ውጡ። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፤ ልብ ወይም ደም ብዛት ያለባችሁ ሐኪም ጠይቁ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት እንጦጦ ማርያም፣ አጠገቡ ያለው ሙዚየምና የሣር ክዳን ያለው የድሮ ቤተ መንግሥታቸው አሉ። ልጆቹ ቤተ መንግሥት ሲባሉ ትልቅ ፎቅ ይጠብቃሉ፤ የጭቃና የእንጨት ቤት ሲያዩ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ እስኪያልፍ ጠብቁ፣ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ጉም ከተገለጠ ከተማዋ ከታች ትታያለች፤ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያሏትን ቦታ በጣታችሁ አሳዩአቸው። ከዚያ ፔርሙሱን ክፈቱ።

ነሐሴ አጋማሽና ጳጉሜ

በቡሄ ሳምንት፣ ነሐሴ 13፣ ጉዞ የለም። ሙልሙል እንጋግራለን፤ ከዳቦው ሊጥ ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ በስሙ አንድ ሙልሙል ይድቦለቦላል፣ ለሚመጡት ጨፋሪዎችም ተጨምሮ። ትልቁ ከጓደኞቹ ጋር ሆያ ሆዬ ይወጣል። ካገኘው ድርሻ ላይ ግማሹን ለደብተርና ለእስክሪብቶ እንዲያስቀምጥ አስማማዋለሁ።

በነሐሴ መጨረሻ ልጆቹን እንደገና ለኩ። በሁለት ወር የማይበቃው ይኖራል፤ ሳይሻግት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ለጎረቤት ልጅ ይለፍ። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስም በዚሁ ሰሞን ከሚለቁ ልጆች ወላጆች ይጠየቃል፤ መስከረም ከገባ በኋላ ሁሉም ፈላጊ ይሆናል።

ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል ዕለት፣ ዝናብ ከጣለ በሩን እከፍትላቸዋለሁ። ቦቲውንም ጃኬቱንም አውልቀው በባዶ እግር ግቢው ውስጥ ይሮጣሉ፤ እኔ ደረቅ ፎጣና ትኩስ ሻይ ይዤ በረንዳው ላይ እቆማለሁ።